እሾሃማ ሽቦው ይቅር፤ ለውርንጭሎችህ በአጣና እጠር

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ እንደምን አሉ? 26 ዓመቴ ነው። የምኖረው ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። አንዲት ዳማ ባዝራ አለችኝ። የ4 ወር ወንድ ውርንጭላ ታጠባለች። 1 ዓመት ከ6 ወር የሆናት ሴት ልጇም አብራት ትውላለች። 40 በ60 ሜትር የሚሆን የግጦሽ ቦታ ለይቼላቸዋለሁ። በ60 ሜትሩ አንድ ጎን አያቴ የካቡት ድንጋይ አለ። በ40 ሜትሩ አንድ ጎን ደግሞ የጎረቤት እሾሃማ ሽቦ አለ። የቀረውን በምን ልጠረው? ጎረቤቴ እሾሃማ ሽቦ ርካሽ ነው፣ 5 መስመር ሳብበትና ተገላገል ይለኛል። አባቴ ደግሞ አጥር ምን ይሠራል፣ በገመድ እሰራቸው ይላሉ። ገንዘቤ ብዙ አይደለም።»

ወንድሜ፣ ሽቦውን ከመግዛትህ በፊት መጠየቅህ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ሽቦው ከተሳበና ውርንጭላው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። እሾሃማ ሽቦ አታስገባ። በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል። ባሕር ዛፍ ሞልቶልሃል፣ በአጣና እጠር። ገንዘብህ ለጠቅላላው ቦታ ካልበቃ ቦታውን አሳንስ እንጂ አጥሩን አታርክስ።

ምክንያቱን ላስረዳህ። የበሬ አጥር ስንሠራ የምናስበው «እንዳይወጣ» ብለን ነው። በሬ አጥር ሲያገኝ ይቆማል፣ ይገፋል፣ ይታከክበታል። ፈረስ ሌላ ፍጥረት ነው። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ሲደነግጥ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ምን እንዳስደነገጠው የሚያየው ከሮጠ በኋላ ነው። ውርንጭላ ደግሞ ገና ዓለሙን አያውቅም። ውሻ ሲጮህ፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ፌስታል በንፋስ ሲነሳ እግሬ አውጪኝ ይላል። ስለዚህ የፈረስ አጥር ስትመርጥ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ውርንጭላ በሙሉ ፍጥነቱ መጥቶ ቢገጨው ምን ይሆናል? አጣና ከሆነ ደረቱ ይላላጣል፣ ያብጣል፣ በሳምንት ይድናል። እሾሃማ ሽቦ ከሆነ ሥጋው ይከፈታል።

ደግሞም ሽቦውን በደንብ አያየውም። የፈረስ ዓይን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጠ ከ360 ዲግሪ ወደ 350 የሚሆነውን ይቃኛል። በዙሪያው የሚንቀሳቀስን ነገር ለማወቅ ይህ በጣም ይጠቅመዋል። ቀጭን ነገር ለይቶ ለማየት ግን ከሰው ዓይን ይደክማል። ከግንባሩ ፊት ለፊት በቅርቡ ያለውንም አያየውም። ከቀለም ሰማያዊና ቢጫ ይለያል፣ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታታበታል። እንግዲህ የዛገ ሽቦ በለምለም ሣር ላይ ተስቦ አስበው። ለአንተ ይታይሃል። ለሱ የለም።

ሦስተኛው ነገር እግሩ ነው። የፈረስ የፊት እግር ከጉልበት በታች፣ የኋላው ደግሞ ከቋንጃ በታች ጡንቻ የለውም። ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ብቻ ነው። ሽቦ ቆዳውን ካለፈ ወዲያው ጅማት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚደርሰው። በዚያ ቦታ ያለ ቁስል ቶሎ አይገጥምም። ቆዳው ሳይዘጋ ሥጋው ከልኩ አልፎ እንደ አበባ ጎመን እየፋፋ ይወጣል። ቴታነስም አለ። መንጋጋ የሚቆልፈው በሽታ ማለት ነው። ጀርሙ አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ከቤት እንስሳት ሁሉ ደግሞ ፈረስን አይምርም።

አንድ ጊዜ የ5 ወር ሴት ውርንጭላ በጋሪ ጭነው አመጡልኝ። ባለቤትየው እናቷን ለገበያ ይዟት ሲወጣ ልጅቱን እሾሃማ ሽቦ ውስጥ ትቷት ነበር። እናቷ እየራቀች ስትሄድ ውርንጭላዋ ሽቦው መሃል ገባች። የኋላ ግራ እግሯ ከሰኮናዋ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ጅማቱ ተቆርጧል። 7 ሳምንት አከምናት። ሰውየው በየሁለት ቀኑ ፋሻ ለማስቀየር 11 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይመላለስ ነበር። ተረፈች። ግን ዛሬም ታነክሳለች፣ ለኮርቻም ለጋሪም አልሆነችም። ያ ሰው ሽቦውን የሳበው እንደ አንተ ጎረቤት ያለ ሰው በቅን ልብ መክሮት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አጥር የሚጠይቀኝን ሰው በአጭሩ መሸኘት አልሆንልህ ብሎኛል።

አሁን ወደ ቦታህ እንምጣ።

ከጎረቤት ሽቦ ርቀህ፣ ካቡን ተጠግተህ ጀምር። 30 በ30 ሜትር ይበቃሃል። አንዱ ጎን የአያትህ ካብ ይሆናል። የሚታጠረው ሦስት ጎን፣ ማለትም 90 ሜትር ነው። እንዲህ ስታደርግ የጎረቤትህ ሽቦ ውርንጭሎችህ ጋ ጨርሶ አይደርስም። ከሱ ጋርም አትጣላም። ይህ ቦታ ለሦስት ፈረስ ግጦሽ አይበቃም፣ ያንን ልደብቅህ አልፈልግም። ከቀረው መሬትህ ሣር እያጨድክ ታስገባላቸዋለህ፣ በበጋ ድርቆሽ ትጨምራለህ። ሰው አብሯቸው በሚውልበት ቀን ደግሞ ውጭ ይግጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ስታገኝ አጥሩን ትገፋዋለህ። ወደ ሽቦው ስትጠጋ ግን የራስህን የአጣና መስመር ከሽቦው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገብተህ ሥራ። ፈረስ ለማዶው ሣር አንገቱን በጣም ይዘረጋል።

ለ90 ሜትር የሚያስፈልግህን ልቁጠርልህ። ቋሚ በየ2 ሜትሩ ነው፣ ስለዚህ 46 ገደማ። እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ20 ቁመት፣ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ለማእዘንና ለበር ግን ወፈር ያለና ረዘም ያለ ምረጥ። ማገሩ 4 ረድፍ ነው፣ በጠቅላላው 360 ሜትር ይሆናል። ባለ 4 ሜትር አጣና ብትገዛ 90 ይወጣዋል። ተሰብሮም ተጣሞም የሚወድቅ ስለሚኖር 100 ያዝ። ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጭን ማገር ሲሰበር ጦር ይሆናል። ልጣጩን ላጠው፣ እርጥቡንም አትምታው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይለቃል።

የማገሩ አቀማመጥ ለትንሹ ውርንጭላ ወሳኝ ነው። ከመሬት እስከ መጀመሪያው ማገር 25 ሳንቲ ሜትር ተው። ከዚያ በላይ ከሆነ አጥሩ ሥር ተኝቶ ሲንከባለል በማዶ በኩል ይወጣል። ሲነሳ እናቱ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ ናቸው። ያኔ ነው የሚሰባበረው። በማገርና በማገር መሃል 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተው። በዚህ ስሌት የላይኛው ማገር 1 ሜትር ከ38 አካባቢ ላይ ይቀመጣል። ለኛ አገር ፈረስ ይህ በቂ ነው። ወንዱ አድጎ ድንጉላ ሆኖ የሚቀር ከሆነ አንድ ረድፍ ትጨምርለታለህ።

ማገሩን ከቋሚው በየትኛው በኩል ትመታዋለህ? ብዙ ሰው ለዓይን ስለሚያምር ከውጭ ይመታዋል። ለከብትም ለፈረስም ይህ ስህተት ነው። ማገሩ በፈረሱ በኩል፣ በውስጥ ይሁን። ፈረስ ሲደገፍበት ወይም ሲገጨው ማገሩ ወደ ቋሚው ይጠብቃል። ከውጭ ከመታኸው ግን ሚስማሩን እየነቀለ ይወጣል፣ የወጣው ሚስማርም ሹሉን አሹሎ ይጠብቀዋል። በተጨማሪ ውርንጭላ አጥር አጥሩን ሲሮጥ ትከሻው ከቋሚ ጋር አይጋጭም። ቋሚዎቹን ከላይ እኩል ቁረጣቸው። እንደ ጦር ሾለው የቆሙ ቋሚዎች ሆድ ሲቀዱ አይቻለሁ። ሚስማሩ ከማዶ ከወጣ ቀልብሰህ ቀጥቅጠው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መሬቱን በእጅህ እየዳበስክ የወደቀ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ ልቀም። ይህን እባክህ ለልጆች አትተወው። ሰኮና ውስጥ የገባ ሚስማር ፈረስ ይገድላል።

ማእዘኑን አታሹለው። ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ትልቋ እህት ወይም እናት በመኖ ስትቆጣ ትንሹን ታሳድደዋለች። ጥግ ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም። ወይ ይረገጣል፣ ወይ ለመዝለል ይሞክራል። በየማእዘኑ ሁለት ሦስት ቋሚ ጨምረህ አጥሩን በቅስት አዙረው። ካቡና አጣናው የሚገናኙበት ቦታም እንደዚሁ ይሁን።

መሬትህ ከጠዳ በኩል ከሆነ ዋልካ ሳይሆን አይቀርም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቋሚን ደግሞ በየዓመቱ ያላላዋል። ሚያዝያ ላይ የተከልከው አጥር ኅዳር ላይ በእጅህ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ጉድጓዱን 70 ሳንቲ ሜትር አውርደው፣ የማእዘኑን 90። ስትሞላው ያወጣኸውን ጥቁር አፈር አትመልሰው። ከሥሩ ድንጋይ አድርግ፣ ዙሪያውን በጠጠርና በቀይ አሸዋ እየጠቀጠቅክ ሙላው። ለምስጡ የቋሚውን ታችኛ ክፍል በእሳት ጥቁር እስኪሆን ለብልበው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡም አሉ። ከቀባህ ከመሬት በታች የሚቀበረውን ብቻ ቀባ። ውርንጭላ እንጨት ያኝካል፣ ጥርሱ በሚያድግበት ጊዜ በተለይ። ያንን ዘይት መላስ የለበትም። ይህ ሁሉ ሥራ ከሰኔ በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ስለ አያትህ ካብ። ድንጋይ ለፈረስ በጣም ጥሩ አጥር ነው፤ ይታያል፣ ጥላ ይሆናል፣ ንፋስ ይከላከላል። ፋሲል ግቢን የከበበው ግንብ 900 ሜትር ነው፣ በኖራ ስለተያያዘ እስከ ዛሬ ቆሟል። የአያትህ ካብ ግን ደረቅ ይመስለኛል። ደረቅ ካብ ከክረምት በኋላ ሆዱ ይወጣል፣ ፍየል ሲወጣበት ይናዳል። የተናደ ድንጋይ ሣር ውስጥ ተደብቆ የውርንጭላ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ስለዚህ በዙሪያው እየዞርክ የላላውን አውጥተህ እንደገና ካበው። ሹል ጎኑ ወደ ውስጥ አይዙር። ቁመቱ ከደረትህ በታች ከሆነ በካቡ አጠገብ ቋሚ ተክለህ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ማገር ጨምርበት። ፈረስ ከካብ በላይ ማዶውን ካየ ይዘለዋል።

ሕያው አጥር ልትከል ትል ይሆናል፣ ርካሽ ነውና። ቁልቋልና ቅንጭብ አትትከል። ነጩ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ በኃይል ያቃጥላል፣ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። የወፍ ቆሎም ለሚግጥ እንስሳ መርዝ ነው፣ አጥርህ ሥር ከበቀለ ከነሥሩ ንቀለው። አስተናግርም እንደዚያው። የግራር ጭራሮ ደርድሮ ማጠር ደግሞ ከእሾሃማ ሽቦ ብዙም አይለይም። እሾሁ ሰኮና ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

የተጠለፈ መረብ ሽቦስ? ቀዳዳው ሰኮና የማያሳልፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ለውርንጭላ የሚመከረው መረብ ቀዳዳው 5 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። 15 በ15 የሆነውን አትግዛ፣ እግር አስገብቶ አይመልስም። መረብ ከገዛህ ከላይ አንድ አጣና ምታበት፣ እንዲታይም እንዳይረግብም። የመረቡ የተቆረጠ ጫፍ ከታች ወደ ውጭ ይታጠፍ። ገንዘብ ካለህ ደግሞ አጣናው ከታች እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ድረስ መረብ ቢለብስ ለትንሹ ውርንጭላ ከሁሉ የበለጠ ነው። በፀሐይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ አጥርም አለ። እሱን ያየ ሁሉ ይወደዋል፣ ግን ለውርንጭላ ብቻውን አይበቃም። የደነገጠ ውርንጭላ ንዝረቱ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ከእሾሃማ ሽቦ ጋር ማያያዝማ ፈጽሞ አይታሰብም።

በሩን ደግሞ አትናቀው። እኛ ጋ የተለመደው መወርወሪያ ነው፤ ሁለት ቋሚ፣ መሃል የሚሳቡ አጣናዎች። ለላም ደህና ነው። ለፈረስ ግን ሰው ከላይ ያሉትን ሁለቱን አውጥቶ የታችኞቹን ሳያወጣ ውርንጭላው ዘሎ ለመውጣት ይሞክራል፣ እግሩንም እዚያው ይሰብራል። መወርወሪያ ከሠራህ ሁሉንም አጣና አውጥተህ ጎን ሳታስቀምጥ አታስወጣቸው። ብትችል ግን በማጠፊያ የሚከፈት ወደ ውስጥ የሚገፋ በር ሥራ፤ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ ከአጥሩ እኩል። ቦታው ማእዘን ላይ አይሁን። በሩና ቋሚው መሃል ያለው ክፍተት ሰኮና የማያስገባ ይሁን።

የአባትህን ሐሳብ አልናቅኩትም። እሳቸው ያደጉት ፈረስ በገመድ ታስሮ፣ እረኛ አጠገቡ ተቀምጦ በሚውልበት ጊዜ ነው። ለለመደች ባዝራ፣ ሰው ካለ፣ ገመድ ይሠራል። ውርንጭላ ግን አይታሰር። አንገቱ ገና ለስላሳ ነው። ገመዱ ሲይዘው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ይወድቃል፣ አንገቱን ይጎዳል። ገመዱ በእግሩ ከተጠመጠመ ደግሞ እስከ ሥጋው ይልጠዋል። መሮጥም አለበት። አጥንቱና ጅማቱ የሚጠነክሩት በዚህ ዕድሜ በመሮጥ ነው። ለአባትህ እንዲህ በልልኝ፦ ገመዱ ለእናቲቱ ይሁን፣ ልጆቹ አጥር ውስጥ ይሩጡ። ጎንደር እኮ ለፈረስ እንግዳ አገር አይደለችም። ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለውን ክብ ሕንፃ ሕዝቡ የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይለዋል። አባትህም ለፈረስ የሚሳሱ ሰው ባይሆኑ ኖሮ በጉዳዩ አይገቡም ነበር።

ጅቡን እንዳትረሳ። ይህ ሁሉ አጥር ፈረስ ይይዛል እንጂ ጅብ አያግድም። ጅብ በ25 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ምድሩን ምሶ ይገባል። ሲመሽ ሦስቱንም ወደ ጋጣ አስገባቸውና ዝጋባቸው።

ትንሹን ከእናቱ የምትለየው 6 ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ ያ ጊዜ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አጥር የሚፈተነው በዚያ ሳምንት ነው። እናቱን በአጥሩ ማዶ አታቁማት። ሊያያት ከቻለ አጥሩን ሰብሮ ለመውጣት ይሞክራል። ድምፅ ወደማይሰማበት ወስደህ፣ እሱን ከእህቱ ጋር ተውው። ብቻውን አይቅር።

አጥሩ ሲያልቅ ፈትተህ አትልቀቃቸው። በመጀመሪያው ቀን በላይኛው ማገር ላይ በየሁለት ሜትሩ ከነጭ ማዳበሪያ ጆንያ የተቆረጠ የስንዝር ያህል ጨርቅ እሰር፣ በንፋስ እየተንቀሳቀሰ አጥሩን ያሳያቸዋል። እንዳያኝኩት አጥብቀህ እሰረው። ከዚያ እናቲቱን በገመድ ይዘህ በአጥሩ ዙሪያ በእርምጃ ውሰዳት። ልጆቹ ይከተሏታል። ሁለት ሦስት ዙር፣ በጠዋት፣ ውሻ በሌለበት። ማእዘኖቹን ያሽትቱ፣ በሩን ይዩት። ከዚያ ገመዱን ፍታላትና አንተ እዚያው ካቡ ላይ ተቀመጥ፤ እስከ ማታ ድረስ።